መምሬን ከመቅደስ ያስቀረው ደም

መምሬ ታመው መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መቆማቸው ነው። ባለቤቴ ቄስ ነበሩ፤ ሞላሌ አጠገብ ባለችው ደብራችን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቀድሰዋል። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ከተያዘ በኋላ ግን ተራቸውን ለሌላ ካህን እየሰጡ ከቅጥሩ ዛፍ ሥር ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ። ዘመኑ የደርግ ነውና ሰዉ «ካድሬ ፈርተው ይሆናል» አለ። እኔ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። ቄስ በሚስቱ ላይ ከሄደ ክህነቱ ይፈርሳል፤ መቅደስም አይገባም። ሞላሌ ገበያ ላይ ደግሞ አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። ምን በደለችኝ? ምንም። ቆንጆ ነበረች።

ቅናቱ ሲያንገበግበኝ ከርሞ አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

«ቁርባናችንን አፍርሰዋል እንዴ?»

ደንግጠው አዩኝ። መሳቅም ማልቀስም ቃጣቸው።

«አንቺ ሴት፣ ደም ይፈሰኛል እኮ!»

ለመጸዳዳት በወጡ ቁጥር ደም ያያሉ። ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባምና ከደጅ ቀሩ። እኔንም አፍረው ደበቁኝ። ያኔ ምነው ጠላ ሻጯ በሆነች ብዬ ተመኘሁ።

ኪንታሮት ነው አልን። ሁሉም እንደዚያ ይላል። ቀየት የሚባል አገር ያለ መድኃኒት አዋቂ ሥር ቀጥቅጦ ሰጣቸው፤ ደሙ ባሰ። ሆዳቸው ይነፋል፤ ተቀምጠው ምንም ሳይወጣላቸው ይነሳሉ። ሰውነታቸውም ከሳ። መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የጤና ባለሙያው በጣቱ መረመራቸውና እጁን ታጠበ። ከዚያ «ኪንታሮት አይደለም። አዲስ አበባ ይሂዱ» አላቸው። ገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ሰጠንና በአውቶቡስ ሄድን።

ሆስፒታል ናሙና ቆርጠው ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱን የነገረን ቀዶ ሐኪሙ ነው።

«ካንሰር ነው። መነሻው ሬክተም ነው፤ የትልቁ አንጀት መጨረሻ። ወደ ጉበትዎም ተሰራጭቷል።»

መምሬ አማተቡ።

«የጉበቱን ማውጣት አይቻለንም። መነሻውን ግን ላወጣው እችላለሁ።»

ተናደድኩ። «ካልዳኑ ለምን ይቀደዳሉ?»

«እናቴ፣ ካልነካሁት አንጀታቸው ይዘጋል። ደሙም አይቆምም። ዕድሜያቸውን ማርዘሙን አላውቅም፤ የቀረው ኑሯቸው ግን ይቀላል።»

ከቀዶው ላይነሱ እንደሚችሉም አልደበቀንም። ቢነሱ እንኳ ሰገራቸው ሆዳቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው የሚወጣው፤ ኮሎስቶሚ ይባላል።

መምሬ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ደሙ ይቆማል?»

«ተስፋዬ እሱ ነው።»

«እንግዲያውስ ልጄ፣ ቅደደኝ።»

ወሰዷቸው። በሩ ተዘጋ። ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። መሐሉ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ። ጠፋኝ። በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ጭምብሉን ዝቅ አደረገ።

«ወጥቷል። በሕይወት አሉ።»

ውዳሴ ማርያሙን ያኔ ጨረስኩት።

ቁስሉ እስኪጠግ እዚያው ከርመን፣ ነርሷ ቀዳዳውን እንዴት ለብ ባለ ውሃ እንደማጥብና እንደምሸፍን አስተምራኝ፣ ገብሱ ሳይታጨድ አገራችን ገባን። ሆድ ላይ የሚለጠፈው ከረጢት በእኛ አገር አይገኝም ነበርና አሮጌ ነጠላ እየቀደድኩ አጥፌ አስርላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «በስተርጅና ሕፃን አደረግሽኝ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ደሙ ቆመ። የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ሁሉንም ነገሯቸው። አባታችን ብዙ ካሰቡ በኋላ «ቀድስ አልልህም፤ ገብተህ ቁረብ ግን እልሃለሁ» አሏቸው። መምሬ አለቀሱ። ለየትኛው ቃል እንዳለቀሱ አልጠየቅኋቸውም።

ለቁርባን ከዋዜማው ጀምሮ ይጾማልና ጾም የለመደው አንጀታቸው በዚያ እሑድ ጠዋት ጨርቁን አላሳደፈም። በተክሊል ስንጋባ አብረን ቆርበን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ዘመን እሳቸው ከመጋረጃው ውስጥ፣ እኔ ከውጭ ነበርን። ያን ዕለት ከመጋረጃው ወዲህ፣ ከምእመናኑ ወንዶች ጋር ተሰልፈው ሲቀበሉ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ አየኋቸው። ዞር ብለው ፈለጉኝ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

በቀጣዩ ክረምት ጉበታቸው አሸነፋቸው። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ደም ግን ተመልሶ አልመጣም።

ደም ያያችሁ ሰዎች፣ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ አፍራችሁም አትደብቁ። ተሰራጭቷል ቢሏችሁም እንደ እኔ ለቁጣ አትቸኩሉ፤ መነሻው ቢወጣ ምን ይጠቅመናል፣ ምንስ ይጎዳናል በሉ። መልሱ ለሁሉም በሽተኛ አንድ አይደለም። የጤና ጣቢያውን ባለሙያ፣ ቀዶ ሐኪሙንና ነርሷን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያቺን እሑድ የሰጡኝ እነሱ ናቸው።