የሂልዳ አፍ

ሴልዊን መናገር ያውቅበታል። በጓዳልካናል ደሴት ደቡብ፣ እነሱ መንደር፣ መሬት የሚወረሰው በእናት ወገን ነው፤ የመሬቱ ባለቤት ሴት፣ ጉባኤ ላይ ቆሞ የሚናገርላት ግን ወንድሟ። የታላቅ እህቱ የሂልዳ አፍ እሱ ነበር።

አውስትራሊያኖቹ መንገድ እንሥራላችሁ ብለው መጡ። ብዙም ሳይቆይ ቻይናዎቹ፣ እኛ ደግሞ የመርከብ ማቆሚያ ብለው ተከተሉ። ሁለቱ አንድ ጥላ ሥር እንኳ አይቀመጡም። ሌላው ሰው ግራ ሲጋባ ሴልዊን ሆዬ ደስ አለው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለእሱ ነው። ለነዚህ «እነዚያ እኮ ሊቀድሟችሁ ነው» ይላል፤ ለነዚያም እንደዚሁ። ከሁለቱም ድንኳን ሩዝና የቆርቆሮ ዓሣ በልቶ ይመለሳል።

ሂልዳ የለመነችው አንድ ነገር ነው።

«የፈለጉትን ይሥሩ፤ የንጋሊ ዛፎቹን ግን እንዳይነኩብኝ። ፍሬያቸውን ልጄ ትልቀመው ብላ እናታችን የተከለቻቸው ናቸው።»

«እኔ እያለሁ ማን ነክቷቸው!» አላት።

ከዚያ ማንም ያላሰበው ሆነ፤ ባላንጣዎቹ ታረቁ። ዋና ከተማው ሆኒያራ ላይ ተነጋግረው ማቆሚያውን ቻይናዎቹ፣ መንገዱን አውስትራሊያኖቹ ሊሠሩ ተስማሙና አንድ ካርታ ይዘው አብረው መጡ። መንገዱ ከባሕሩ ተነሥቶ በንጋሊዎቹ መሐል ያልፋል።

«ዛፎቹ የማን ናቸው?» ብለው በጉባኤው ጠየቁ።

ሴልዊን ተነሣ። እምቢ ቢል ሁለቱም ጥለው የሚሄዱ መሰለው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ያ ሁሉ ዓይን እሱን ማየቱ ልቡን አሳብጦታል።

«የእኛው ናቸው፤ ችግር የለም» አለ።

ሴቶቹ መሐል የተቀመጠችው ሂልዳ ቀና ብላ አየችው። ወንድም ከተናገረ በኋላ እህት በጉባኤ ማስተባበል ነውር ነው።

ዛፎቹ በአንድ ቀን አለቁ። ሴልዊን እህል አልበላለት አለ። በአዲሱ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ «ተባረክ» ሲለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኛል። በመጨረሻ፣ እነሱ ዘንድ ጥፋት ሁሉ የሚዘጋው በካሳ ነውና፣ ትልቁን አሳማውን ጎትቶ እህቱ ደጅ ካለው ምሰሶ ላይ አሰረ።

ሂልዳ የተቀቀለ ስኳር ድንች አቀረበችለት።

«ብላ።»

«እታለም፣ መጀመሪያ አሳማውን ተቀበይኝ።»

«የምን አሳማ?»

«የዛፎቹ ካሳ። በድዬሻለሁ።»

«አንተ ሞኝ! ካሳ የሚከፍለው ባዕድ ነው። መንደሩ የሚያውቀው ሂልዳ ፈቀደች ብሎ ነው። ታዲያ ማን ማንን ይካስ? እኔው ራሴን?»

«እባክሽ። ከተቀበልሽኝ እኮ ይቀለኛል።»

«አውቃለሁ» አለች። ገመዱን ከምሰሶው ፈታችና መልሳ አስያዘችው።