አርባ ሦስት ሚሊ ሜትር

የሰፈሩ ሰው "አቶ ዜሮ" ይለዋል። ምን ያድርግ፣ ሥራው ዝናብ መለካት ነው፤ አገሩ ደግሞ በረሃ። ስንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከቤቱ ጀርባ ያለውን ተራራ ግማሽ ሰዓት ወጥቶ የመለኪያውን ጣሳ ሲከፍት የሚያገኘው አቧራ ነው፤ ሲብስም የሞተ ጢንዚዛ። መዝገቡ ላይ "0" ይጽፍና ለዋናው መሥሪያ ቤት ይደውላል። ዝናብ በሦስት በአራት ዓመት አንዴ ብቅ ቢል እንኳ የተራራውን አናት አርሶ፣ ግርጌውን ሳይነካ እብስ ይላል።

ጉልበቱን ሲያመው ጊዜ መላ አገኘ። አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮት ሰማዩን ያያል፤ ጥርት ብሏል፤ "0"። ማን ያውቅበታል? ሰነፍ እንዳትሉት፤ አቧራ ለመለካት ተራራ ውጡ ብትባሉ እናንተም ከወር በላይ አትዘልቁም።

ያንን ዜሮ ከልቡ የሚያምን አንድ ሰው ነበር፤ የእህቱ ባል፣ የውሃ ቦቴ ሾፌር። ከዚያ ተራራ የሚወርደውን ደረቅ ወንዝ ሊሻገር ሲል ሳይደውል አያልፍም።

"ጋሼ፣ እላይ እንዴት ነው?"

"ኧረ ምን ዝናብ አለ ብለህ! ዜሮ ነው፣ እለፍ።"

የዚያን ማክሰኞም እንዲሁ አለው፣ ብርድ ልብሱን እንኳ ሳይገልጥ። ሰዓት ሳይሞላ በጠራራ ፀሐይ ጎርፍ መጣ። ለሰው ውሃ ሲያመላልስ የኖረውን ሰው ውሃ በላው።

ከሰዓት በኋላ አቶ ዜሮ እያነከሰ ተራራውን ወጣ። ሊነጋጋ ሲል የዘነበው ዝናብ ጣሳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀው፤ አርባ ሦስት ሚሊ ሜትር። ደግሞ ለካው። ያው ነው። ግራ ቀኙን አየና አሸዋው ላይ ደፋው። ፈሪ ነው፤ ይህን ራሱም አይክድም።

ባለቦቴው ድርጅት "ሾፌሩ ሳይጠይቅ ዘሎ ገብቶ ነው" ብሎ ጥፋቱን ሟቹ ላይ ሊያላክክ ሲነሳ፣ እህቱ ወንድሟን ለምስክርነት ጠራችው። መዝገቡን ይዞ ቀረበ።

"ጠይቆኛል፤ ዜሮ ነው ብዬዋለሁ" አለ።

መዝገቡም ዜሮ ይላል። የሟቹ ስም ጸዳ። ሰው ሁሉ "ወንድም ማለት እንዲህ ነው!" እያለ ሲያመሰግነው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ከሁለት ወር በኋላ እህቱን ሊያያት ሄደ። ስትነሳ ስትቀመጥ "እግዜር ይመስገን" ከአፏ የማይጠፋ ሴት፣ "ደህና ነኝ" ብቻ አለችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

"ዘንቦ ቢሆን ኖሮ፣ ዝናብ ነው የገደለው እል ነበር። ሳይዘንብ ጎርፍ ከየት ይመጣል? እግዜር ራሱ ለይቶ ባሌን ነው የወሰደብኝ። ከእንግዲህ ተቆራርጠናል፣ ጋሼ። አልጸልይም።"

አርባ ሦስቱን ሚሊ ሜትር በሆዱ ይዞ ሊሄድ ተነሳ።

እጁን ያዘችው። "እስቲ እውነቱን ንገረኝ። የዚያን ቀን ጠብታ እንኳ አልነበረም?"

"ጠብ አላለም" አላት።