ዋስ ለማውረድ ደባርቅ ድረስ

ዓርብ ማለዳ፣ ከጎንደር

ከጎንደር ስነሳ ማታውኑ እመለሳለሁ ብዬ ቅያሪ ልብስ እንኳ አልያዝኩም። ሥራዬ ዳባት ላይ አንዲት መስመር የኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነበር። መናኸሪያ ላይ ሾፌሩን "መንገዱ ክፍት ነው?" ስለው፣ "እስካሁን ክፍት ነው፤ የከሰዓቱን እግዜር ያውቃል" አለኝና ተሳፈርኩ። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ጠየቀ፣ ተሳፋሪው ተንጫጫ፣ በመጨረሻ ሁላችንም ከፈልን። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ማሳው ሁሉ ታርሶ ዘር ይጠብቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ዳባትና ደባርቅ ያሉ ሁለት የገበሬ ዩኒየኖች የገብስ ዘር ያባዛሉ፤ ያከፋፍላሉ። አብረው ሲሠሩ ከርመው አምና በሰላም ተለያዩ፤ ኮምፒውተሮቻቸው ግን አልተለያዩም። እያንዳንዳቸው የሠራተኞቻቸውን ስምና የይለፍ ቃል የሚያውቅ ዶሜይን አላቸው። በሁለቱ ዶሜይኖች መካከል ደግሞ እኛ ባለሙያዎች ትረስት የምንለው ትስስር አለ፤ ደባርቅ "ይህ ሰው የኔ ነው" ካለ ዳባት ሌላ ሳይጠይቅ በሩን ይከፍታል። ሲለያዩ ከደባርቅ በላይ ያሉት መጋዘኖች ለዳባት ደርሰዋል፤ ሠራተኞቻቸው ግን የሚገቡት በዚሁ ትስስር፣ በድሮ የደባርቅ መግቢያ ስማቸው ነበር። የዳባቱ ዶሜይን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የሩቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። የደባርቁ ግን እዚያው ቢሮ ውስጥ ባለ አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰሞኑን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በዚያ በኩል ለመግባት ሲሞክር አይተናል። ስለዚህ ሰኞ የዘር ክፍፍሉ ሳይጀመር ትስስሩ እንዲሰረዝ ተወሰነ።

ዳባት

የዳባቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሙላት በር ላይ ጠበቁኝ። "ቶሎ ጨርሰህ ምሳ እንብላ" አሉኝ። ነገር ግን ትስስሩ ሁለት ጫፍ አለው። የዳባቱን እኔ ከክላውዱ እሰርዛለሁ፤ የደባርቁን የምታነሳው የዚያው ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ውባለም ናት። ደወልኩላት።

"በስልክ አላነሳም። ና!" አለችኝ።

"ውባለም፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ እኮ ነው።"

"ና አልኩህ!"

አቶ ሙላት ሳቁ። "ሂድ እንጅ። እሷ አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ነው።"

እኔ ግን አልሳቅኩም። እስከ ደባርቅ ድረስ ከራሴ ጋር እያጉረመረምኩ ሄድኩ።

ደባርቅ

ከመኪና ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ። ውባለም ጋቢዋን ደርባ መጣችና ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ "በዚች ሸሚዝ ነው ደባርቅ የመጣኸው?" ብላ ሳቀችብኝ። ትኩስ ሽሮ ጋበዘችኝ። እጃችንን ታጥበን እንደጨረስን ወደ ነገሩ ገባች።

"ለነዚህ ሰዎች እስካሁን ዳባት ላይ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። በኛ አገር ደግሞ ዋስ ዝም ብሎ አይወርድም። ሰውየውን አቅርቦ፣ ሌላ ዋስ ተክቶ ነው የሚወርድ።"

"ሁሉንም አዛውሬያለሁ። ባለፉት ሦስት ወራት የገባ ሰው ሁሉ ዳባት ላይ አዲስ ስም አለው።"

"እሽ፣ አቅርብልኛ!"

እልኸኛ ናት። በየመጋዘኑ እየደወለች በአዲሱ ስማቸው እንዲገቡ አደረገች። ሁሉም ገቡ። ደስ እያለኝ ላፕቶፔን ልከፍት ስል፣ "የእትዬ ጥሩወርቅ ስልክ አይሠራም። የሳቸው አዲስ ስም የታለ?" አለችኝ። እትዬ ጥሩወርቅ በስሜን ተራሮች ፓርክ ካለችው ሳንቃ በር በታች ያለውን መጋዘን የሚጠብቁ ሴት ናቸው።

"የላቸውም። ካለፈው ሰኔ ወዲህ ገብተው ስለማያውቁ ሥራ የለቀቁ መስሎኝ..."

"አይ አንተ! ዘር የሚታደል በሰኔ! በጥር ገብተው ምን ሊሠሩ? ብርድ ሊመዝኑ?"

ፊቴ ጋለ። የከተማ ቢሮ ውስጥ ሦስት ወር ያልገባ ሰው የለቀቀ ነው፤ እዚህ ግን ሰው የሚገባው ዝናቡ ሲገባ ነው። ያለ እትዬ ጥሩወርቅ ስም ያ መጋዘን አንዲት ጆንያ አያወጣም። ትእዛዙን ጠዋት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሰኞ ገበሬው ባዶ አህያ ነድቶ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ቁጣዬ ሁሉ በረደና የውባለምን ትርፍ ጋቢ ተቀብዬ አደርኩ።

ቅዳሜ፣ ወደ ሳንቃ በር

ጠዋት ሸቀጥ የጫነ አይሱዙ አገኘን። የጠጠሩ መንገድ በጉም ተሸፍኗል፤ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነው የሚነዳው። የፓርኩ ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን በላስቲክ ሸፍነው ከበቅሎዎች ኋላ ያዘግማሉ። ሳንቃ በር ሳንደርስ ወርደን በአስታ ዛፎቹ ሥር ቁልቁል በእግር ሄድን። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ውባለም ሁለቱንም ጊዜ ከማንሳቷ በፊት ሳቀች።

እትዬ ጥሩወርቅ መጋዘኑ በር ላይ ነበሩ። ገበሬዎች ዘሩን በመዳፋቸው እየዘገኑ ያያሉ፣ "ሰኞ ነው አይደል?" እያሉ ይጠይቃሉ። ስልካቸው ጭቃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቶ ኖሯል። በሶ በጥብጠው ሰጡንና የመጣንበትን ሰሙ። አዲስ ስም ከፍቼላቸው፣ "የይለፍ ቃል ይምረጡ" ስላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩት።

"እትዬ፣ ሰው ሁሉ ሰማ እኮ!"

"ቢሰሙስ? ጎረቤቶቼ ናቸው!"

ገበሬዎቹ ሳቁ። ሌላ አስመረጥናቸው፤ ይህን እንኳ በሆዳቸው ያዙት።

ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ስለሆነ የሚሠሩበትን ታብሌት ይዘን ወጣን። በአዲሱ ስም ገቡ፤ የመጋዘናቸው ዘር ስክሪኑ ላይ ታየ። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

"ሰኞ እምቢ ቢለኝስ? ገበሬው አርሶ ጨርሷል። ዝናቡ ደግሞ እኔን አይጠብቅም።"

"እኔ አለሁ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ዋሴ አንተ ነህ!" አሉና ወደ ውባለም ዞሩ። "ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ። እንግዲህ እኔ ወርጃለሁ" አለች ውባለም።

ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ ትእዛዙን ጻፍኩ፤ የዳባትን ዶሜይን ስም፣ ቀጥሎ ከሱ የሚለየውን የደባርቅን። ኮምፒውተሩ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሳላነበው አልፌዋለሁ! ያን ቀን አነበብኩት፤ እትዬ ጥሩወርቅንም አየኋቸውና "አዎ" አልኩ። ጥቂት ቆይቶ "ተሰርዟል" የሚል መልስ መጣ። በድሮው ስማቸው ስንሞክር በሩ ተዘጋ፣ በአዲሱ ተከፈተ። ከሰዓት ደባርቅ ተመልሰን ውባለም የራሷን ጫፍ አነሳች። ያለ ቅሬታ ተለያየን።

እሑድና ሰኞ፣ ጎንደር

እሑድ ቤቴ ስገባ ጫማዬ የስሜንን ጭቃ እንደያዘ ነበር። ለአንዲት መስመር ትእዛዝ ሦስት ቀን ፈጀሁ፤ አልቆጨኝም። ሥራዬን ሳልጨርስ ጨረስኩ ከማለት ያዳነችኝ ውባለም ናት። ከእንግዲህ ማንኛውንም ትስስር ከመሰረዜ በፊት በዚያ በር የሚገባውን ሰው ወርጄም ሆነ ወጥቼ አየዋለሁ። ቢሆንም እሑድ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ከጀርባ የሰውና የአህያ ጫጫታ ይሰማል።

"ዋሴ!" አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ፣ በሰው ስልክ። "ከፈተልኝ! የመጀመሪያው ሰው ዘሩን ጭኖ ሄደ። በል እንግዲህ፣ ወርደሃል።"

"አልወርድም፣ እትዬ" አልኳቸው። "ገብሱ እስኪታጨድ አለሁ።"