በቃሌ የሄደው መጋዝ
ክረምት ሲገባ ሰበታ ያለው የእናቴ ቤት በር ዝናብ ይጠጣና ጽድ ጽድ ይሸታል። ሽታው የአሥር ዓመት ልጅ ያደርገኛል።

ያኔ ግቢያችን የነበረው ጽድ ተቆርጦ፣ ጣውላ ሰንጣቂው ኦቦ ቶሎሳ ግንዱን ለመሰንጠቂያ በተሠራ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ አውጥተውታል። ከባትሪ ድንጋይ በወጣ ጥቁር ዱቄት ክር አጥቁረው አንዱን ጫፍ ግንዱ ላይ ካደረጉት ምልክት አስጠግተው እኔን አስያዙኝ። ወጥረው ሲለቁት ጣቴ ተንሸራተተና ግንዱ ላይ ያረፈው፣ መጋዙ የሚከተለው መስመር ተንጋደደ።

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት። «ከምልክቱ አልተነቃነቅሽም?»

«አልተነቃነቅሁም፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው መጋዙ የሚሄደው በቃልሽ ነው» አሉና እሳቸው ከላይ፣ ረዳታቸው ከታች ሆነው መሳብ ጀመሩ።

ጣውላው ወደ አንድ ጫፉ እየሳሳ ወጣ። ከእሱ የተሠራው በር እስከ ዛሬ ከታች አይገጥምም። እናቴ ክፍተቱን በጨርቅ ስትወትፍ፣ «ኦቦ ቶሎሳ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያኔ ዓይናቸው ደክሞ ነበር» ትላለች።

እኔ ጨርቁን አቀብላታለሁ።