ብርቄ ያላነበበችው ስም

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ሰባዎቹ መገባደጃ ላይ፣ እዚሁ ነፋስ ስልክ ነው። ዕድሜዬ ሰማንያን ተሻግሯል፤ ብዙ ነገር እረሳለሁ። ያቺን ዓርብ ግን አልረሳትም።

በቅድሚያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ዱቄት ፋብሪካ ጆንያ ስሸከም፣ ጆንያው ላይ የታተመውን ፊደል አንዱን ከሌላው እያስተያየሁ በስድስት ወር ማንበብ ቻልኩ። ማንም አላሳየኝም። ከተሸካሚነት ወደ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ያደግሁት በዚሁ ጭንቅላቴ ነው። ቀበሌው ማስታወቂያ ሲለጥፍ ጎረቤት ሁሉ “አንብብልን” ብሎ እኔን ይከብ ነበር። እንደኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ በሰፈሩ አልነበረም። ዛሬም ያለ አይመስለኝም።

ሁለት ልጆች ነበሩኝ። እናታቸው ቀደም ብላ አርፋለች። ትልቁ ግርማ ደብረ ዘይት ጋራዥ ይሠራል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ብርቄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እሑድ እንግዳ ሲመጣ መጽሐፏን አስይዤ አስነብባታለሁ። እንደ ውሃ ታወርደዋለች። “ደሜ ነው” እል ነበር።

በዚያ ሳምንት ጆንያ ተንዶ እግሬን ሰብሮኝ፣ በጀሶ ታስሬ ተኝቻለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ጎረቤቴ ሽኩር ሊጠይቀኝ መጣ።

“ለብሔራዊ ውትድርና የተመረጡት ልጆች ስም ተለጥፏል” አለኝ። “ግርማም ዕድሜው ነው። ትንሹን ልጄን ልላከውና ይይልህ?”

ስሙ የወጣበት ልጅ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቅ ነበር። አባቱ ፈጥኖ ገጠር ዘመድ ጋ ይሰደዋል። ደብረ ዘይት ሰው ልኬ ግርማን ለማስጠንቀቅ የቀሩት ሰዓታት በቂ ነበሩ።

እኔ ግን ሳቅሁ። “ሽኩር፣ አንተ ከሚዛን በቀር ምን አንብበህ ታውቃለህ? እኔ ቤት አንባቢ በውሰት አይመጣም። ብርቄ!”

“ኧረ ተወኝ፣ አንተ ምሁር” አለ እየሳቀ። “ሚዛኔም እንዳንተ ከፍ ከፍ አይል።”

ብርቄ በሩ ላይ ቆመች። “አባዬ፣ የጋሽ ሽኩር ልጅ ቢሄድስ?”

“የሦስተኛ ክፍል ልጅ ካንቺ በልጦ? ሂጂ!”

ሄደች። ቆይታ መጣችና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ “የለም” አለች።

“ደህና አድርገሽ አይተሻል?”

“አይቻለሁ። የለም።”

“አየህ!” አልኩት ሽኩርን።

ቅዳሜ ግርማ እንደ ልማዱ መጣ። እሑድ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች በራችንን መቱ። ስሙ ከላይ አራተኛው ላይ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል፤ የነገረኝ ግን የለም። ሁሉም እኔ እንዳወቅሁ ነው የቆጠረው። የሰፈሩን ማስታወቂያ የማነበው እኔ አይደለሁ?

“ብርቄ አይታ የለም ብላኝ ነበር” ስል፣ ግርማ ዞሮ አያትና ነገሩ ገባው። ጫማውን እያሰረ “አባዬ፣ እንዳትነካት” አለኝ። “ፊደሉ አይያዝላትም። እሑድ የምታነብልህን ቅዳሜ እኔ ነኝ የማነብላት፤ በጆሮዋ ነው የምትይዘው።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“አንተ ስታወራ መች ክፍተት አለው?”

ወሰዱት። ወደ ሰሜን እንደሄደ ሰማን፤ አልተመለሰም። ሞቷል የሚል ወረቀት እንኳ አልደረሰንም።

አልዋሽም፤ የዚያን ዕለት በሩ እንደተዘጋ ምርኩዜን አንስቼ ብርቄን መታኋት። ልጄ የለመነኝን የመጨረሻ ነገር አንድ ሰዓት እንኳ አልጠበቅሁለትም። “ለምን ሰው አልጠየቅሽም?” ስላት፣ “ላንተ ይነግሩብኛላ” አለች። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የብርቄ የመጨረሻ ልጅም ፊደል አልያዝ አላት። ላፍቶ ከምትማርበት ትምህርት ቤት ሲጠሩን አብሬ ሄድኩ። አስተማሪዋ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት።

“ዲስሌክሲያ ይባላል፣ አባቴ” አለችኝ። “ስንፍና አይደለም። አእምሮዋ ፊደልን የሚቀበልበት መንገድ ከሌላው ይለያል። ቀስ ብለን በሌላ መንገድ እናስተምራታለን። እናንተ በሰው ፊት አታስነብቧት። ቤት ውስጥ አንብቡላት፤ በጆሮዋ ትከተል።”

ብርቄ ቦርሳዋን ጨብጣ መስኮቱን ታያለች። ግቢውን ስንወጣ ነው ቀስ ብላ ያለችኝ፦

“ግርማ ማንም ሳያስተምረው አውቆት ነበር።”

ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የማነብላትም እኔ ነኝ። ድምፄ ዛሬም አልደከመም። ብርቄ ግን ማንበብ ስጀምር ተነስታ ትወጣለች።

ተመለሺ አልላትም።