ወፍጮ ቤት የተሠራ ሳቅ

ወንድሜ አሳቂ ነው ስል ሰው ሁሉ «ምን እያለ ነው የሚያስቀው?» ይለኛል። ምንም አይልም። ደብረ ታቦር ውስጥ ከአባታችን የቀረልን ወፍጮ ቤት አለ፤ ወንድሜ እዚያ እህል ይፈጫል፤ እየፈጨ ያስቃል፤ እኔ በስልኬ እቀርጸዋለሁ። ፊልማችን ድምፅ ያጣው የረቀቀ ሐሳብ ኖሮን አይደለም፤ ወፍጮው ስለሚጮኽ ነው። የመጀመሪያውን ከነድምፁ ለጎረቤት ባሳይ ጆሯቸውን ይዘው ሸሹ። ድምፁን አጠፋሁት፤ በዚያው ቀረ።

ወፍጮ ቤት ያላደገ ሰው አያውቀው ይሆናል እንጂ፣ ሞተሩ ከተነሣ ወዲያ እዚያ ቤት በአፍ መነጋገር የለም። አባታችንና እናታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጅና በፊት ነው ያወሩት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲፋተጉ «ልሟል ወይ?» ነው። መዳፍ ወደ ታች ሲጫን «ቀስ በል» ነው። ሌባ ጣት ከፍ ብሎ አየር ላይ ሲዞር ደግሞ «ይደገም» ማለት ነው፤ ዱቄቱ ሻካራ ነው፣ እንደገና ወደ ወፍጮው ይመለስ። እኛ ልጆቹ ይህን ያወቅነው አፍ ከመፍታታችን በፊት ነው። እኔ አፌን ከፈታሁ በኋላ ግን አልዘጋሁትም። ወንድሜ የተወውን ወሬ ሁሉ ጠቅልዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

እናታችንን ወፍጮው ጆሮዋን ቀስ በቀስ ወሰደባት። አባታችን በሕይወት እያለ ብዙም አልከበዳት፤ በእጁ ያወራታል፣ በፊቱ ይቀልድባታል። እሱ ሲሞት የሚያወራት ሰው አጣች። እኔ ያኔ ዐረብ አገር ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ ለቀብሩም አልደረስኩ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ወንፊቷን ይዛ ወፍጮ ቤቱ በር ሥር ትቀመጣለች። ቀና ብላ ሰው አታይም፤ እህል ውኃ የምትቀምሰው በልመና ነው። ወንድሜ ደውሎ «እማ እኮ ትታን ሄደች፤ እዚሁ ተቀምጣ ትታን ሄደች» ብሎ አለቀሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሠራው ሁሉ እሷን ቀና ለማድረግ ነው። ይህንን ማንም ይወቅልኝ።

የመጀመሪያ ሥራው ማስነጠስ ነው። አላየሁትም፤ ግን የሰፈሩ ሰው እስኪሰለቸኝ ነግሮኛል። ከጉና የወረደች አንዲት ሴት ገብስ አስፈጭታ፣ እሱ የእሷን የበሶ ዱቄት በሳፋ አፉ ድረስ ሞልቶ ይዟል። በዚህ መሐል ሊያስነጥሰው መጣ። የእውነት ነው፤ ዱቄት ውስጥ የሚውል አፍንጫ ምን ያድርግ? ቆመ። ዐይኑን ጨፈነ፤ አገጩ ወደ ጣሪያ ወጣ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ማስነጠሱ ሄደ። ወንድሜ በእፎይታ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ማስነጠሱ ተመለሰ። ይኼኔ በዐይኑ ጠርዝ እናቴ ቀና ማለቷን አየ። ከዚህ በኋላ ያለው የእሱ ፈጠራ ነው። ሳፋውን ለባለቤቷ በክብር አስረከበ፤ ወደ ውጭ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ፤ በመስኮት እያዩት አፉን ከፍቶ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አልመጣም። ተመልሶ ገባ፤ ልብሱን አራገፈ፤ ሳፋውን ተቀበለ። ያኔ አስነጠሰው።

የጉናዋ ሴት ዱቄቱን ከቅንድቧ እየጠረገች ሳቀች። የፈሰሰውን ከእኛ ቤት ገብስ ተክቶላታል፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ይቆጣኛል። እናቴም ሳቀች፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ስትጨርስ ሌባ ጣቷን አነሣችና አየር ላይ አዞረችው። ይደገም።

ከዐረብ አገር ስመለስ ያገኘሁት ሌላ ወንድም ነው። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ፊቱ እንደ ዳኛ ኮስተር ያለ ነው፤ ሰው መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲስቅ እሱ ምን እንደነካቸው ግራ የገባው ይመስላል። ከዐይኑ በቀር ያለው ሁሉ ዱቄት ለብሷል። ዐይኖቹ ከዚያ ነጭ መሐል ሆነው የሚያደርጉትን ነገር እኔ እህቱ ሆኜ እንኳ ልለምደው አልቻልኩም። በጣት የምትቋጠር እህል ይዞ በኩራት የሚመጣውን ሰው ሲሠራ፣ ከብብቱ ያወጣትን ቋጠሮ ከአንድ ኩንታል አስበልጦ ይሸከማታል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገታተራል። ቋጠሮዋ ባዶ መሆኗን እያወቅሁ ላግዘው እነሣለሁ። ለዚያች ቋጠሮ ሳምንት ሙሉ ለፍቷል። ሲሠራ አይሰለቸውም፤ ሲያበላሽም አይናደድም። መናደዱን ለእኔ ትቶልኛል።

በሕማማት አያስቅም፤ ሃይማኖቱን ያከብራል። አንድ የሕማማት ማክሰኞ እጁን አጣምሮ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ሳለ ወረፋው በሙሉ ሳቅ አፈነው። ወረፋ የያዙ አንድ ቄስ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ወንድሜ ቀረብ ብሎ፣

«ምን አጠፋሁ አባቴ? ዝም ብዬ ቆሜ ነው እኮ» አላቸው።

«እሱ ነው እኮ ጉዱ! ስለ ሰሙነ ሕማማቱ ብለህ ወይ ተቀመጥ ወይ ዞር በል!»

ከግድግዳው ኋላ ሆኖ ፈጨ።

የቀረጽኳቸው በየሰው ስልክ ገቡ። የሐሙሲት ገበያተኛ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ያየዋል አሉን። ከእብናት ድረስ እህል ጭኖ የመጣ ሰው ነበር፤ እብናት ወፍጮ ጠፍቶ ነው እንዴ? ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ አለ፤ ከደቡብ የመጣ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ወንድሜን አይቶ ሲያበቃ ላፕቶፑን ይዞ መጣና ፊልም ድምፅ ሳይኖረው በፊት ውጭ አገር የነበሩ አሳቂዎችን አሳየው። ፊታቸው ነጭ፣ ዐይናቸው ጥቁር፣ አፋቸው ዝም። ወንድሜ አገጩን በመዳፉ ይዞ አንዴ እንኳ ፈገግ ሳይል አየ። በመጨረሻ ጣቱን ወደ አንደኛው ቀስሮ ጠየቀ፦

«ይኼ ሰውየ የትኛው ወፍጮ ቤት ነው የሠራው?»

መምህሩ ሊስቅ ብሎ የወንድሜን ፊት ሲያይ ተወው። ዱቄት ሳይሆን ቅባት መሆኑን አስረዳው። ወንድሜ ብዙም ያመነው አይመስለኝም። ያን ሰንበት ሁለቱ ከላፕቶፑ አልተነሡም፤ ማታ ወንድሜ ወደ እኔ መጥቶ «አየሽ፣ ሲወድቁ አይደለም የሚያስቁት፤ ሊወድቁ ሲሉ ነው» አለኝ። ከወንድሜ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ሳይሆን አይቀርም። መምህሩ ፊልም ድምፅ ሲያወጣ ብዙዎቹ ሥራ እንዳጡ ነግሮት ኖሮ በዚያ አዝኗል። «መናገሩ ምን አስቸኮላቸው?» ይላል።

የእኛም ተራ ደረሰ። ከባሕር ዳር ማስታወቂያና አጫጭር ድራማ የሚሠራ አንድ ሰው እኔ ስልክ ላይ ደወለ። ወንድሜን አድንቆ ጨረሰና «ችግሩ አለመናገሩ ነው» አለ። ወንድሜ እምቢ ማለት አይችልም። ተፈጥሮው ነው፤ በሕይወቱ ለሰው እምቢ ሲል ሰምቼው አላውቅም። «እሺ» አለና ሄድን። እዚያ ፊቱን አጠቡት፤ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሱት፤ ከሚስቱ ጋር የሚጨቃጨቅ ባላገር ሁን አሉት። የተጻፈለትን ሲናገር ሰውየው ያስቆመዋል፦ «አይደለም፣ እንዳገርህ! አክብደው! ጎተት አርገው!» ንግግራችን ነበር ለካ የሚያስቀው። እኔ ነደደኝ። እንዳልጮህ ወንድሜ በመዳፉ ወደ ታች «ቀስ በይ» አለኝ። እሱ የታዘዘውን ሁሉ ሠራ። ሰው ሳቀ፤ አልዋሽም፣ ብዙ ሰው ሳቀ።

ቪዲዮው ሲመጣ ለእናቴ ያሳየናት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዐይኗ አስጠጋችው። ልጇን ስታይ ፊቷ ፈካ አለ። ከዚያ ጠበቀች። ወንድሜ ስልኩ ውስጥ ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሌላ ምንም አያደርግም።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

በእጄ ልነግራት ሞከርኩ፤ ሚስት፣ ባል፣ ጭቅጭቅ። እጄ እንደ እሱ እጅ አይደለም። እንዳይከፋን ብላ ራሷን ነቀነቀችና «ደግ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ወንፊቷን አነሣች። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም። ወንድሜ ከሚዛኑ ኋላ ቆሞ ያንን ጣት ሲጠብቅ አየሁት። የዚያን ጊዜ ፊቱን ባላየው በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ መፍጨት ብቻ ሆነ። ወረፋ ላይ ያሉት ጎረምሶች «እስቲ ያችን ተናገራት!» ይሉታል፤ በእፍረት ፈገግ ይላል እንጂ ምንም አይሠራም። የራሱ እጅ ጠፋበት። እማም ወደ ወንፊቷ አቀረቀረች፤ ያ ወንድሜን በስልክ ያስለቀሰው አንገቷ ተመልሶ ሲደፋ ሁለታችንም እናያለን፤ አንዳችንም አናነሣውም። የባሕር ዳሩ ሰውየ በበኩሉ ሥራውን አይቶ ተደስቶ በቋሚነት እንቀጥል ይላል፤ በየጊዜው ይደውላል። ወንድሜ «እሺ፣ እናያለን» ይለዋል። «አያ፣ አልፈልግም በለው!» ብዬ ጮኼበታለሁ። «ሰውየው ደግ ሰው ነው፤ እንዴት አድርጌ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን እኔ ራሴ እጨርሰው ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ወፍጮው በመብራት ከሆነ ቆይቷል፤ ለእንዲህ ያለው ቀን የአባታችን የናፍጣ ሞተር ጥግ ላይ አለ። ወንድሜ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘውን ቺንጋ አጥልቆ ሲያስነሣው ቤቱ ተናወጠ። ቅዳሜ ስለሆነ ወረፋው በር አልፎ ወጥቷል፤ ማዳበሪያው፣ ስልቻው መሬት ላይ ተሰልፏል። በዚህ መሐል ስልኬ ጠራ፤ ሰውየው ነው። ቁርጡን ዛሬ ንገሩኝ ብሎ ነበር። ምን ላድርግ? ስልኩን ለወንድሜ ሰጠሁት።

ጆሮው ላይ አደረገ። እኔ አጠገቡ ቆሜ የራሴን ድምፅ አልሰማም፣ እሱ ምን ሊሰማ? ግን በጣም በአክብሮት አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ። ቅንድቡ ወጣ፤ በነገሩ ተገረመ። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ዱቄት ብቻ ነበር። የወጣውን ዱቄት በዐይኑ ተከተለው። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ ሚዛን ላይ አስቀመጠውና ንግግሩን መዘነው። ቀለለው። ዱቄት የሚያይ ይመስል በሁለት ጣቱ ፈተገው፤ አልላመም። አንሥቶ ወደ ወፍጮው አፍ ወሰደው። ስልኬ ነው! ጮኽኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ወደ እኔ ዞሮ በዚያ ዳኛ ፊቱ ጥቂት አሰበና ራራልኝ። ባዶ ማዳበሪያ አመጣ፤ ስልኩን ውስጡ ጨመረ፤ አፉን አጥብቆ አሠረ። ሊያነሣው ሞከረ፤ አልቻለም። ወገቡን ጠበቅ አድርጎ እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ ትከሻው ላይ አወጣውና እየተንገዳገደ፣ ሊወድቅ፣ ሊወድቅ፣ ሊወድቅ እያለ ወረፋውን ሁሉ አልፎ ሄደ። ከመጨረሻዋ ሴት ገብስ ኋላ መሬት ላይ አኖረው። ተራህን ጠብቅ ብሎ በጣቱ አስጠነቀቀው።

ወንድሜ በዕድሜው የመጀመሪያውን እምቢ አለ። የቀረጸው የለም፤ መቅረጫው ማዳበሪያ ውስጥ ነው።

ወረፋው ሲንከባለል እኔ ወደ በሩ ዞርኩ። እናቴ ወንፊቱን ጥላዋለች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባዋ በዱቄቱ ላይ መንገድ እያበጀ ትስቃለች። ሳቋ አልተሰማኝም። ከሳቋ ምን ይጎድላል፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም፤ እኔ እንደሆንኩ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምሠራው።

እንደ ምንም ትንፋሿን ሰበሰበች። ወንድሜን በዐይኗ ፈለገችው፤ ማዳበሪያው አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሞ እሷን ብቻ እያየ ነበር። ሌባ ጣቷን አነሣችና አየር ላይ አዞረችው።

ወንድሜ ጎንበስ አለ፤ የማዳበሪያውን አፍ ፈታ፤ ስልኬን አውጥቶ ዱቄቱን አራገፈለትና በአክብሮት ጆሮው ላይ አደረገው።