አራት ሰው፣ ሁለት ጆይስቲክ

ልብስ ሰፊዋ ሦስት ታናናሾቿን በመርፌና በክር ነው ያሳደገቻቸው። ሁሉም ጎጆ ከወጡ በኋላም ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ይሰበሰቡና፣ ቁርጥራጭ ጨርቁን ከሶፋው ላይ ገፋ አድርገው፣ ጌም ይጫወታሉ። ጨዋታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ጭጋግ በለበሰ ሐይቅ ላይ አራት ትናንሽ ጀልባዎች ይሽቀዳደማሉ። እሷ ማሸነፉ ግድ አይሰጣትም። ውሃውን ስታይ ሳምንቱን በስፌት የደከመው ዓይኗ ቀዝቀዝ ይልላታል።

ነርሷ እህቷ ካኮረፈቻት ሁለት ዓመት ሆኗል። እናታቸው ባረፈች ማግስት ልብስ ሰፊዋ፣ "ለሰው እናት ነቅተሽ እያደርሽ ለራስሽ እናት ተኛሽ" ያለቻት ቃል ነው የለያያቸው። ነርሷ ቅዳሜን ቀርታ አታውቅም፤ ግን የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለታላቋ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ ተጫውታ ትሄዳለች። አናጢው ወንድማቸው፣ "ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እኔ ግን ሲነቅዝ እያየሁ ነው" ይላል።

አንድ ቀን አሮጌው የጌም ማሽን ጭስ ጭስ ሸተተና ቀጥ አለ። የመጨረሻው ልጅ፣ ሾፌሩ፣ አዲስ ይዞ መጣ። ሐይቁ ከድሮው ሰፍቶ ተከፈተ። የሁለት ጆይስቲኮች መብራት በራ። ሦስተኛው ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ አራተኛውም እንደዚያው። ሾፌሩ የመመሪያውን ወረቀት እያገላበጠ ሲያነብ ነገሩ ገባው፤ በአዲሱ ማሽን ጨዋታው በአንድ ቤት ከሁለት ጆይስቲክ በላይ አይቀበልም። አራት መሆን የፈለገ፣ በየቤቱ ማሽን ገዝቶ በኢንተርኔት መገናኘት አለበት።

"በየቤታችን ተቀምጠን አብረን መሆን ምን ማለት ነው?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

መላ የዘየደው አናጢው ነው። አንዱን ጆይስቲክ ሁለት ሰው ይያዘው፤ አንዱ በግራ እጁ ይንዳ፣ ሌላው በቀኙ ፍጥነቱን ይጫን አለ። ይህን ብሎ ፈጠን አለና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። የቀሩት እህትማማቾቹ ናቸው።

ነርሷ ትንሽ አመንትታ ተጠጋች። ትከሻቸው ተነካካ። ጀልባዋ መጀመሪያ እንደ ሰካራም ተሽከረከረች፤ ወንድሞቻቸው ጥለዋቸው ሄዱ። ከዚያ ጭጋጉ ወረደ፤ ዳርቻው ጠፋ፤ ከውሃው ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። የከሰዓቱ ብርሃን በመጋረጃው ሾልኮ ጉልበታቸው ላይ ሲወዛወዝ፣ ልብስ ሰፊዋ ሶፋው ራሱ የሚንሳፈፍ መሰላት።

"ያን ቃል መልሼ ብውጠው እወድ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል።

ነርሷ ፍጥነቱን የምትጫንበትን ጣቷን ላላ አደረገች።

"ድንጋይ አለ፣ እትዬ። ወደ ግራ በይ።"

ወደ ግራ አለች። ድንጋዩ በጎናቸው አለፈ። ወንድሞቻቸው ቀድመው ጨርሰው ነበር፤ አናጢው ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። ነርሷ ጭንቅላቷን በታላቋ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ እናታቸው ስላረፈችባት ሌሊት ቀስ እያለች ነገረቻት። ሦስት ሌሊት ሙሉ ሥራ ላይ አድራ ነበር ወደ እናታቸው የመጣችው። እናታቸው ናት እጇን ይዛ፣ "ትንሽ ጋደም በይ ልጄ፣ እኔም ልተኛ ነው" ያለቻት።

ጀልባዋ ያለ ነጂ ወደ ጭጋጉ ገባች።